ቅቤ የጠጣ ፍሬን

ቁጡ ነኝ። ከጅምሩ እኔው ልናገረው፤ ከሌላ ሰው ብትሰሙት አጋንኖ ይነግራችኋል። አሁን ሽበቱ አብርዶኛል እንጂ በወጣትነቴ አንዲት ቡሎን ላልታ ካየሁ ደሜ ይፈላ ነበር። ሠራተኞቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣ ሚጥሚጣው!» ይባባላሉ፤ እኔም እየሰማሁ እንዳልሰማ አልፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ስሙን ወድጄው ነበር።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ አንድ ወንዝ ላይ ድልድይ እንሠራ ነበር። ወንዙ በክረምት ሰውም ከብትም እየወሰደ ያስቸገረ ስለሆነ አገሬው ድልድዩን የሚጠብቀው እንደ ልጅ ሰርግ ነው። የእኔ ሥራ ክሬኑን መመርመር ነበር። የሚነዳው ኦፕሬተር ሌላ ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እጁ ግን ማንሻው ላይ ሲያርፍ የረጋ። እሱ ያነሳል፤ እኔ «አንሳ» ወይም «አታንሳ» እላለሁ። እኔ በቀዩ መዝገብ ላይ «ደህና ነው» ብዬ ሳልፈርም ያ ማሽን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ አያነሳም። እንዲህ ያለ ሥልጣን ለቁጡ ሰው ሲሰጥ አስቡት!

ክሬኑ አሮጌ ነበር፤ በጭነት መኪና ላይ የተጫነ፣ አንገቱ ረጅም፣ ቢጫ ቀለሙ በግማሽ የተላጠ። ገመዱ የሚጠቀለልበት ትልቅ የብረት ከበሮ ከኦፕሬተሩ ወንበር ጀርባ ነው። ፍሬኑ ያንን ከበሮ እንደ መቀነት ዙሪያውን ያቅፈዋል፤ ከበሮውን የሚነካው ውስጡ በሸራ የተለበጠ ነው፤ በላዩም የቆርቆሮ መክደኛ አለው። ኦፕሬተሩ ፍሬኑን ሲረግጥ መቀነቱ ከበሮውን ጭብጥ ያደርገዋል፤ ጭነቱም አየር ላይ ቀጥ ይላል። ሁሉም ነገር በዚያች ጭብጥ ላይ ነው። እሷ ከላላች ከሥር የቆመ ሰው አለቀለት።

ጠዋት ጠዋት የሽቦ ገመዱን በጨርቅ እያሻሸሁ ክር በክር አያለሁ፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። መንጠቆውን አያለሁ፤ የክሬኑ እግሮች የሚያርፉባቸውን ግንዶች አያለሁ። ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። የዕለቱን ጭነት ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ እናነሳና በፍሬን ይዘነው እንቆማለን። ለምን ያህል ጊዜ? ሥልጠና ላይ በሰዓት ቁጠሩ ተብለን ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰዓት የለኝም። ስለዚህ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እደግማለሁ። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጭነቱ ንቅንቅ ካላለ ይነሳል። ጣት ታህል ዝቅ ካለ አይነሳም።

መጀመሪያ በሆዴ ነበር የምደግመው። ዘመኑ አይፈቅድማ! ሠራተኞቹ ግን ደረሱብኝና እነሱም ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። እያደር ሠላሳ ሰው ብረት ዙሪያ ቆሞ እንደ ንብ ቀፎ እም እም ይል ጀመር። አንድ ቀን ከወረዳ የመጣው ካድሬ «ምንድነው የምታጉረመርሙት?» አለኝ።

«ቁጥር ነው ጓድ። ጭነቱ የሚቆምበትን ጊዜ እየቆጠርን ነው።»

«እስከ ስንት?»

«እስከ አሜን» ሊያመልጠኝ ሲል ኦፕሬተሩ ከላይ «እስከ ስድሳ!» ብሎ አዳነኝ። ካድሬው ዞር እንዳለ ሳቅ ሊገድለን ነበር።

እንዲህ የማጠብቀው በከንቱ አይደለም። ከዚያ በፊት በሌላ ሥራ ቦታ፣ ፀሐይ ስለበረታብኝ ብቻ፣ ገመዱን ሳላይ «ደህና ነው» ብዬ ፈርሜ ነበር። ገመዱ ተበጠሰና የጓደኛዬ እግር ተሰበረ። ጓደኛዬ አልተቀየመኝም፤ እንዲያውም ደብዳቤ በጻፈልኝ ቁጥር መጨረሻ ላይ «እግሬም ሰላም ይልሃል» ይለኛል። መቀለዱ ነው፤ እኔን ግን ያቺ ቃል ታንገበግበኛለች። ከዚያ ወዲህ በመዝገቡ ላይ አንዲት የውሸት ቃል ላልጽፍ ምያለሁ።

አሁን ስለ ዘበኛችን ላውራ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ትውልዳቸው ከአዊ የሆነ የዚያው አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ጉልበታቸው ስለታመመ እርሻውን ለልጃቸው ለቀው እኛ ጋ በዘበኝነት ተቀጠሩ። ለእሳቸው ክሬኑ ማሽን አይደለም፤ በሬ ነው። ጠዋት ጎማውን መታ መታ አድርገው በአገውኛ ያነጋግሩታል። «ምን አሉት አባቴ?» ስላቸው «እንዴት አደርህ ነው ያልሁት፤ ሌላማ ምን እለዋለሁ!» ይሉኛል። ብርድ ሲሆን ጋቢያቸውን አውልቀው ሞተሩን ያለብሱታል። እኔም «ጋቢው ማራገቢያ ውስጥ ይገባል!» ብዬ እጮሃለሁ። «እሺ ልጄ፣ ሲሞቀው አነሳለታለሁ» ይላሉ። ከእሳቸው ጋር መጣላት የሚባል ነገር አይሆንልኝም ነበር።

ድልድዩን ከማንም በላይ የሚጠብቁበት ምክንያት ነበራቸው። ሴት ልጃቸው ከወንዙ ማዶ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ወንዙ በኅዳር ቢጎድልም ድንጋዩ ያዳልጣል፤ የእሳቸው ጉልበት አይሻገረውም። ስለዚህ ወንዙ ዳር ተቀምጠው የቤቷን ጭስ ያያሉ። «ዛሬም ደህና ናት፤ ጭሷ ወጥቷል» ይሉኛል። እኔም የማላውቃትን ሴት ጭስ ጠዋት ጠዋት መፈለግ ለመድሁ።

ድልድዩ ስድስት የብረት አግዳሚዎች ነበሩት። አምስቱን ጭነን ስድስተኛው ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን ይጫናል ተባለ፤ ካድሬው የገበሬ ማኅበሮቹን ይዞ ሊመጣ ነው። ሃያ አንድ ደግሞ ጽዮን ማርያም ናት። በዚያ አገር በጽዮን ዕለት ሥራ ብሎ የሚወጣ የለም፤ እኛም ዋዜማውን ከዘበኛው በቀር ሁላችንም ቡሬ ልንገባ ሆነ። እኔ የጽዋ ማኅበር ላይ ተጠርቼ ቸኩያለሁ። ከመሄዴ በፊት የፍሬኑን መክደኛ ከፍቼ እያየሁ ነበር፤ ከሳምንት ወዲህ ፍሬኑ ሲያዝ ሲጢጥ የሚል ድምፅ አምጥቷል። አቧራ ነው። አቧራውን ጠረግሁ፣ መክደኛውን ገጠምሁና ቁልፉን ሳልቆልፍ ሄድሁ። የቸኮልሁት ጠላው እንዳያልቅብኝ ነው። ይኸው ተናገርሁ።

በሃያ ሁለት ጠዋት ስንመለስ ሜዳው ሕዝብ ሞልቶታል። አገሬው የትናንቱን ነጭ ልብሱን ሳያወልቅ መጥቷል፤ የመፈክሩ ጨርቅ በሁለት ዘንግ ተወጥሯል፤ ሴቶቹ ገና ምንም ሳይሠራ እልል ይላሉ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ገመዱን አየሁ፣ መንጠቆውን አየሁ። ፍሬኑን ግን ትናንት ወዲያ አይቼዋለሁ ብዬ መክደኛውን ሳልከፍት አለፍሁ። ሰዉን ሁሉ ከጭነቱ አራቅሁና ፊሽካ ነፋሁ። ኦፕሬተሩ አግዳሚውን አንድ ስንዝር አነሳ፤ እኛም ቁጥራችንን ጀመርን።

ስለ ዕለት እንጀራ የሚለምነው ላይ ሳንደርስ ብረቱ መውረድ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ራስ። ከዚያ መሬት ላይ ተኛ።

«እየረገጥሁት ነው! እየረገጥሁት ነው እኮ!» ይላል ኦፕሬተሩ፤ ላቡ ፊቱን ሞልቶታል።

ወዲያው ሽታ መጣ። የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንቱ ነው፤ ሁላችንም በሽሮና በጎመን ላይ ነን። የሸተተኝ ግን ቅቤ ነው። እሳት የነካው፣ ገንፎ ላይ የሚፈሰው ቅቤ! ሰይጣን መጣብኝ ብዬ አማተብሁ። ዞር ስል አጠገቤ የቆመው ሠራተኛም አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ያማትባል። ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ በጽዮን! በጾም ማነው ቅቤ የሚያነጥረው?» አለች።

ሮጬ መክደኛውን ከፈትሁ። ከበሮው እንደ ሙሽራ ራስ ያብለጨልጫል። ቅቤው በፍሬኑ ሙቀት ቀልጦ ሸራውን አርሶታል፤ ከሥርም ይንጠባጠባል። ደሜ ፈላ። «ማነው? ማነው ይህን የሠራ?» ብዬ ጮህሁ፤ ማዶ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አይ ምላሴ! ዘወር ስል ካድሬው ከጀርባዬ ቆሟል።

ጣቱን ከበሮው ላይ አሻሽቶ አየው። ወጣት ነበር፤ ከኔም ያንሳል። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ፍሬን ላይ ቅባት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኼ አሻጥር ነው።»

ዛሬ ይህ ቃል ስታነቡት ቃል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወደ ፍኖተ ሰላም ይወሰዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሚስቱ ስንቁን ይዛ በየትኛው በር እንደምትቆም እንኳ የሚነግራት የለም። ሕዝቡ ቃሉን ሰማ። እልልታው ቆመ።

በዚህ መሐል ሽማግሌው ዘበኛችን ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ፊታቸው በርቷል። ለሽልማት የተጠሩ ነው የሚመስሉት። በግራ እጃቸው ትንሽ ቅል ይዘዋል፤ የቅሉ አፍ በቅቤ ወዝቷል። እሷን ሳይ ነገሩ ሁሉ ባንዴ ገባኝ። ፍሬኑ ሲጢጥ ባለ ቁጥር «ምነው ልጄ፣ ያቃስታል እኮ» ይሉኝ ነበር። ቀንበር አንገቱን የላጠው በሬ በዚያ አገር ቅቤ ይቀባል። በጽዮን ዕለት ከበሬያቸው ጋር ብቻቸውን ውለዋል፤ መክደኛው ደግሞ አልተቆለፈም።

«እኔ...» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ፊሽካዬን ነፋሁት። ሦስት ጊዜ፣ ረጅም ረጅም አድርጌ። በእኛ ደንብ ሦስት ፊሽካ ከተነፋ ማንም አይንቀሳቀስም፣ ማንም አይናገርም። ይህን ደንብ ደግሞ ከሠራተኛው ሁሉ አብልጠው የሚያከብሩት እሳቸው ናቸው። አፋቸውን እንደከፈቱ ቀጥ አሉ። ኦፕሬተሩም ነገሩ ገብቶት ከወንበሩ ዘሎ ወረደና በእሳቸውና በካድሬው መካከል ተገተረ። ውፍረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ዋለ።

«ለምን ነፋህ?» አለኝ ካድሬው።

«ጭነት ሲንሸራተት ይነፋል ጓድ። ደንብ ነው።» ውሸት አይደለም፤ ትንሽ ዘገየ እንጂ።

«እንግዲያው መዝገብህን አውጣ። ማን እንዳደረገው ጻፍ።»

ቀዩን መዝገብ አወጣሁ። ላልዋሽ ምያለሁ፤ የእሳቸውን ስም ከጻፍሁ ደግሞ የልጃቸውን ልጅ ሳያዩ ይወሰዳሉ። ማዶውን ቀና ብዬ አየሁ፤ ጭሷ ወጥቷል። መክደኛውን ማን ከፈተው ብዬ እንኳ አልጽፍም፤ ስላልተቆለፈ ሰብሮ ከፈተ የሚባል ሰው የለም። ሳይቆልፍ የሄደው ማነው? ወይ ጉድ! እውነቱ እኮ ከእኔ ነው የሚጀምረው። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለማመን ሦስት ቀን ስቆጣ እከርም ነበር።

እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «የፍሬኑን መክደኛ ሳልቆልፍ የሄድሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ሳላይ ያለፍሁት እኔ ነኝ። የሚቀባውንና የማይቀባውን በሥራው ቦታ ላለ ሰው ሁሉ ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አላስተማርሁም። በፍሬኑ ላይ ቅባት ተገኝቷል። ክሬኑ አያነሳም።» ፈረምሁና ሰጠሁት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህ ራስህን መክሰስ ነው።»

«ነው።»

«ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አልሁ። ምን አውቃለሁ! ክሬኑን ተደግፌ ነበር።

ኦፕሬተሩ እጁን ዘረጋ። «ወዲህ በለው። እኔም ሳላይ ነው ወንበሩ ላይ የወጣሁት» ብሎ ከሥሬ ፈረመ። ከዚያ ገመዱን በየቀኑ ግራሶ የሚቀባው ሠራተኛ ሰዉን እየገፋ መጣ። «ያስተማርሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ማንን ነው ያስተማርኸው?» አለ ካድሬው ፈጠን ብሎ።

ሠራተኛው ግራሶ የነካ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ሁሉንም!» አለ ኋላ። «ቀኑን ሙሉ ሰው እያየኝ ገመድ ስቀባ እውላለሁ። ገመድ ከተቀባ ከበሮውስ ምን በደለ ያለ ሰው ቢኖር ጥፋቱ የኔ አይደለም?» እሱም ፈረመ።

ካድሬው ፊርማዎቹን አየ፤ ከዚያ ሽማግሌውን አየ፤ ከዚያ ቅሏን አየ። እምላለሁ፣ ቅሏን አይቷታል። ግሽ ዓባይ አጠገብ ያደገ የገበሬ ልጅ እንደሆነ አጫውቶን ነበር፤ የበሬ አንገት ሲቀባ ሳያይ አላደገም። ዓይኑን ወደ ወንዙ አዞረ።

«እስከ ሰኞ» አለ። «ሰኞ ይህ ብረት ቦታው ላይ ካረፈ፣ ማሽን ተበላሽቶ ነበር፣ ተጠገነ እላለሁ። ካላረፈ መዝገቡንና እዚህ ላይ የፈረማችሁትን ይዤ ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ።» መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሄደ። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

እሱ እንደራቀ ወደ ሽማግሌው ዞርሁ። ልጮህባቸው ነበር፤ አፌን አሰናድቻለሁ።

«አባቴ፣ ምን ሆነው ነው?»

«አሁን መናገር ይቻላል?» አሉ። ፊሽካውን እየጠበቁ ኖሯል! «ብቻውን ቆሞ ሳየው አንጀቴ አልችል አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያቃስት ሰምቻለሁ። ቅቤው ለልጄ የአራስ ቅቤ ነው፤ ሚስቴ ስታጠራቅም ነው የከረመች። ግማሹን ለእሱ ሰጠሁት። እሱ አይደል ወደ እሷ የሚያደርሰኝ?»

መሬት ላይ አብሬያቸው ቁጭ አልሁና፣ በዚያ ሥራ ላይ በነበርሁበት ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልጮህ አስተማርሁ። ገመዱ መንሸራተት ስላለበት ይቀባል፤ ፍሬኑ ግን ነክሶ መያዝ ስላለበት አይቀባም አልኋቸው።

«ጥርሱ ነው በለኛ!»

«ጥርሱ ነው።»

«ታዲያ ጥርስ ቅቤ ይቀባል? ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ!» ተቆጡኝ። እኔን! እውነታቸውን ነው።

የፍሬኑ ሸራ ቅቤውን ስለጠጣ አይድንም። ኦፕሬተሩ በዚያው ቀን በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሌላ ሸራ ፍለጋ ፍኖተ ሰላም ወረደ። ከበሮውን በቤንዚን እንዳላጥበው ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ያለን ደግሞ ጀነሬተሩን ለማስነሳት እንኳ አይበቃም። ይህን ስናወራ ያቺ በጾም ቅቤ ማን ያነጥራል ያለችው ሴት ሰማችን። «ቅቤ ለማስለቀቅ ነው እንዲህ የምትጨነቁት? የባሌን ጋቢ በምን አጥበዋለሁ መሰላችሁ!» አለችና ሄዳ እንዶድ በቁና ይዛ መጣች። ከኋላዋ አምስት ሴቶች ሙቅ ውኃ በእንስራ ተሸክመው ተከተሉ።

ያን ዓርብ አልረሳውም። ሴቶቹ ክሬኑ ላይ ወጥተው ከበሮውን በእንዶድ አረፋ ያሹታል። እኔ ከበሮውን በእጅ ቀስ እያደረግሁ አዞርላቸዋለሁ። ሽማግሌው ከታች ውኃ ያቀብላሉ። «እንዲህ ያለ ሰፊ ጀርባ ያለው ባል ቢሰጠኝ!» ትላለች አንዷ፤ ሌላዋ «ይኼን ሙሽራ ለማን ነው የምታጥቡት?» ትላለች። እኔ ነጭ ጨርቅ ይዤ በየመሐሉ አሻሽቼ አያለሁ፤ ጨርቁ ከወዛ «እንደገና!» እላለሁ። አራት ጊዜ አስደገምኋቸው። በአራተኛው ያቺ ሴት ጨርቁን ከእጄ ነጥቃ ግንባሬን ጠረገችበትና «ይኸው፣ አሁን የቆሸሸው ያንተ ላብ ነው!» አለችኝ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ እስኪንከባለል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ ኦፕሬተሩ አዲሱን ሸራ እንደ ሕፃን አቅፎ መጣ። ገጠምነው፣ ለካነው፣ መክደኛውን ቆለፍሁ። ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ፤ አውጥቼ አየሁት፤ መልሼ ከተትሁት። እሑድን ሽማግሌው መክደኛው ሥር ተቀምጠው ዋሉ። ዝንብ እንኳ አላስጠጉም አሉ።

ሰኞ ካድሬው መዝገቡን ይዞ መጣ። ዛሬ መፈክር የለም፤ ሕዝቡ ግን ከሐሙሱ በለጠ እንጂ አላነሰም። ሰዉን አራቅሁ። መክደኛውን ከፍቼ በነጭ ጨርቅ አሻሸሁና ጨርቁን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሳየሁ። ፊሽካ ነፋሁ። አግዳሚው አንድ ስንዝር ተነሳ።

ጀመርን። ዓይኔ ከብረቱና ከመሬቱ መካከል ካለችው ክፍተት አልተነቀለም። ስለ ዕለት እንጀራ የሚለምነውን አለፍን። ክፍተቷ አልጠበበችም። አሜን ላይ ደረስን። አላመንሁትምና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ ሰዉም ሁሉ አብሮኝ ጀመረ። ሁለተኛው አሜን ላይ ክፍተቷ ያው አንድ ስንዝር ናት። «አንሳ!» ብዬ እጄን ወደ ላይ አዞርሁ።

ብረቱ ተነሳ፤ ከወንዙ በላይ ዞረ፤ በቦታው ላይ እንደ ላባ አረፈ። እሰይ! እልልታው የፈነዳው ከዚህም ከዚያም ማዶ ነው። ኦፕሬተሩ ከወንበሩ ሳይወርድ ያለቅሳል። ሽማግሌው የክሬኑን ጎማ መታ መታ እያደረጉ በአገውኛ ብዙ ነገር ነገሩት።

ካድሬው መዝገቡን መለሰልኝ። ከፊርማዎቻችን ሥር «ተጠግኗል» ብሎ ፈርሟል። ሊሄድ ሲል «ቁጥራችሁ ዛሬ ረዘመ» አለኝ።

«ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርነው ጓድ።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔም እየቆጠርሁ ነበር።»

ሳንቃውን አንጥፈን የእጅ መደገፊያውን እስክንገጥም ታኅሣሥ ገባ። አንድ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለን ከማዶ እልልታ ተሰማ። ሽማግሌው ዱላቸውን ጥለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዝም። በአገራቸው ለወንድ ሰባት ነው። «ሴት ናት!» ብለው ጮኹ። «ማርያም ማረቻት! ሴት ናት!»

ቤታቸው ሄደው ነጭ ለብሰው፣ የቀረችውን ግማሽ ቅል ቅቤ ይዘው ተመለሱ። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«መርምረኸዋል?»

«መርምሬዋለሁ አባቴ።»

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

ቅሏን ከፈቱ። ጣታቸውን ወደ ራሴ ቀስረው «ይኼስ? ይኼ ይቀባል?» አሉኝ። የነገርኋቸውን አልረሱም።

«ፍሬን የለበትም፤ ይቀቡት!» አለ ኦፕሬተሩ፤ ሠራተኛው ሁሉ አውካካ። እሳቸውም ሳይስቁ፣ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ ሰው አናቴ ላይ ጭብጥ ቅቤ አኖሩልኝ። ፀሐይ ነበር፤ ወዲያው በግንባሬ፣ በጉንጬ ወረደ። ጾም ነውና ወደ አፌ እንዳይገባ ከንፈሬን ጥርቅም አድርጌ ቆምሁ። ደስታዬን ግን በምን ልዝጋው! ዓይኔም አብሮ ይፈስ ነበር።

«መዝገቡን አምጣው» አሉኝ ከዚያ። «የዚያን ቀኑን ገጽ።»

ከፍቼ ያዝሁላቸው።

«ማንበብ አልችልም፤ የጻፍኸውን ግን ሰው ነግሮኛል። ዳግመኛ አትዋሽም ይሉሃል። እኔን የተውህበት ቦታ ግን አለ።» አውራ ጣታቸውን ቅሏ ውስጥ ነከሩ፤ ከሁላችን ፊርማ ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ አጥብቀው አተሙ። «በቃ፤ አሁን ሙሉ ነው» ብለው መደገፊያውን ይዘው ሳንቃው ላይ ወጡ። መሐል ላይ ሲደርሱ እንኳ አልቆሙም። ያ የታመመ ጉልበት የት እንደሄደ እንጃ።

ሥራው ሲያልቅ መዝገቡን ፍኖተ ሰላም ላለ ጸሐፊ አስረከብሁ። ገጽ በገጽ እየገለጠ ሲያይ ያቺ ገጽ ላይ ቆመና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳት፤ ወረቀቱ በአውራ ጣት ልክ ብርሃን ያሳልፋል። «ይህ እድፍ ምንድነው?» አለኝ ተቆጥቶ።

«ፊርማ ነው» አልሁት።